የለመንኩት ቅርፊት

ዓሣ ሻጩን የለመንኩት ዓሣ አልነበረም፤ ቅርፊት ነበር። ገበያ ውስጥ ከቆቃና ከባቱ የመጣ ዓሣ በረዶ ላይ ደርድሮ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። ቢላዋውን ገልብጦ ከጅራት ወደ ራስ ሲፍቅ ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ክንዱ ላይ ይለጠፋል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። «ወንድሜ፣ ከዚህ አንድ እፍኝ ስጠኝ» አልኩት። «ለድመት ከሆነ አንጀቱ ይሻላታል» አለኝ። ለድመት አይደለም አልኩት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። በፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝ። ቤት ስደርስ ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር፣ ዓሣ የማጥብበት ሳፋ ዙሪያ በተንኩት። ጥቂቱን ክንዴ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ እናቴ ወደተኛችበት ክፍል ገባሁ።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ባለጉዳይ ያመጣውን ግልባጭ ከዋናው ሰነድ ጋር አመሳክሬ፣ ልክ ከሆነ ማኅተም እመታለሁ። አንዲት ቁጥር ብትዛነፍ ሰውየው ከዓለም ጤናም ይምጣ ከአርሲ ነገሌ እመልሰዋለሁ፤ በዚህ የተነሳ ስንት ሰው ረግሞኛል። ዕድሜዬ አርባ ሁለት ነው፣ ትዳሬን ፈትቼ እናቴ ቤት ከተመለስኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ቅርፊት ለምኜ ክንዴ ላይ የምለጥፍ ሰው እሆናለሁ ብሎ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ በሳቅ እሞት ነበር።

እናቴ ጥር ላይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃ ጭኗ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ቀደው ብረት አስገቡላት። ብረቱ ያዘ፣ ቁስሉ ግን አልገጥምም አለ። በየሁለት ቀኑ ነርስ ቤት እየመጣች ፋሻውን ስትፈታ፣ ሥጋው እንዳልተነካ ሆኖ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል። ወጣቱ ሐኪም ወደ ጎን ወስዶኝ «ሰውነታቸው ባዶ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ያስፈልጋቸዋል። እኔ የምሰጣቸው መድኃኒት ምግብ አይተካም» አለኝ። ዐቢይ ጾም ሊገባ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

እናቴ መንዝ ተወልዳ፣ ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ተድራ ናዝሬት የወረደች ሴት ናት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ኖራበት ሙቀቱን ዛሬም ድረስ ትናንት እንደመጣ እንግዳ ትራገመዋለች። አባቴ ከሞተ በኋላ ከቤተ ክርስቲያንና ከእኔ ሌላ የቀራት የለም። «ሁዳዴን በልቼ የምድነው መዳን ይቅርብኝ» አለች። ለመንኳት። ተቆጣኋት። አለቀስኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ የንስሐ አባቷን ጠራሁ።

«እናቴ፣ የታመመ ሰው እንደ ጤነኛ አይጾምም። ወተቱን ይጠጡ፣ እኔ ፈቅጃለሁ» አሏት።

«አባ፣ እርስዎ ይፍቱኝ እንጂ እኔ ራሴን አልፈታም» አለቻቸው።

ተሟገቱ፣ ተሟገቱና ዓሣ ላይ ታረቁ። በእኛ ሰፈር በጾም ዓሣ የሚበላም አለ፣ የሚበላውን የሚያማም አለ። እናቴ እስከዚያን ቀን ድረስ ከሐሜተኞቹ ወገን ነበረች። አሁን «እንደ መድኃኒት» ልትቀምሰው ፈቀደች፤ ግን እንዲሁ አይደለም። ዓሣው ቅርፊት ያለው መሆን አለበት። ቅርፊት የሌለውን መጽሐፍ ከልክሏል፤ አምባዛ ደግሞ መላ ሰውነቱ ሙልጭ ያለ፣ ጺም ያለው፣ ጭቃ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ነው፣ ስሙን እንኳ ስትጠራ ፊቷ ይኮማተራል። የሱቅ ዓሣ አትበላም። በጾም ዓሣ ቤቶች አምባዛውን ገፍፈው «ፊሌቶ» ብለው ይሸጡታል እየተባለ ይወራል። እኔ አይቼ አላውቅም፣ እሷም አላየችም፣ ግን «ጠርጥር፣ ከገንፎ መሃል አይጠፋም ስንጥር» ብላ ያደገች ሴት ናት። ሙሉውን፣ ከነቅርፊቱ ገዝቼ አመጣሁላት። አሸተተችና «ይሄ ከአምባዛ ጋር አንድ በረዶ ላይ ተኝቶ ያደረ ነው» ብላ ሳህኑን መለሰች።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳት።

«አንቺ ራስሽ ያጠመድሽውን እበላለሁ።»

የማይሆን ነገር የጠየቀች መስሏት ነው። እልኸኛ መሆኔን ረሳችው፤ ከማን እንደወረስኩት ደግሞ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከቤታችን በባጃጅ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ቦታ ላይ አንድ መናፈሻ አለ። በር ላይ «ሐይቅ» ተብሎ ተጽፏል። ሐይቅ ይባል እንጂ ድሮ ለመንገድ ሥራ ቀይ አሸዋ የተቆፈረበት ጉድጓድ ነው። ከመስኖ ቦይ የተረፈ ውሃ ገባበት፣ ሰው ዓሣ ለቀቀበት፣ ዙሪያውን ዛፍ ተተከለበት። በሌላ ጊዜ ሙሽሮች ቬሎ እየጎተቱ ፎቶ ይነሱበታል። በሁዳዴ የክርስቲያን ሠርግ ስለሌለ ጭር ይላል። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሥራ መግቢያዬ እስኪደርስ ውሃው ዳር የምንቆመው ሦስት ወይ አራት ሰው ብንሆን ነው።

ጥበቃው ስድሳን ያለፉ፣ ከአርሲ ነገሌ ወገን የመጡ ሙስሊም አዛውንት ናቸው። የዚህን አገር ጥርስ የሚያበልዝ ውሃ እየጠጣን እንዳደግነው ሁሉ የሳቸውም ጥርስ ቡናማ ነው፤ ስለዚህ ሁለታችንም አፋችንን ሳንሸፍን እንስቃለን። የመጀመሪያው ቀን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ መጥተው ቆመው አዩኝ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። «ኢንተላ ኮ» ልጄ ማለት ነው፤ የሚወዱትን ልጅ እንዲህ ነው የሚጠሩት።

«ደህና አድሬያለሁ አባባ። ዓሣ ማጥመድ ፈልጌ ነበር።»

«በምን? በእጅሽ?»

ከጥበቃ ቤታቸው የናይሎን ክር የታሰረበት መቃ አምጥተው ሰጡኝ። ክሩ ላይ የጠርሙስ ቡሽ ታስሯል፤ ቡሹ ሲጠልቅ ዓሣው ነክሷል ማለት ነው። ዓሣውን የሚስበውን ሊጥ መንጠቆው ላይ እንዴት እንደማድቦለቡል አሳዩኝ። በመጀመሪያው ውርወራ የራሴን ነጠላ አጠመድኩ፣ በሁለተኛው ዛፉን። በዚያ ሲያልፉ የነበሩ ጎረምሶች ቆመው «እትዬ፣ ባል ነው የምታጠምጂው?» አሉኝ። «ባልማ አጥምጄ ነበር፤ ትንሽ ሆኖ ባገኘው መልሼ ጣልኩት» አልኳቸው። አዛውንቱ ጋቢያቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

በሦስተኛው ቀን የመዳፌን ያህል ቆሮሶ አወጣሁ። ብር መሰል ቅርፊቱ ደረቱ ላይ ወደ ቢጫ ያደላል። ከእነ ባልዲው አልጋዋ አጠገብ አቀረብኩላት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችው። ከዚያ አውራ ጣቷን ከጅራቱ ወደ ራሱ አሳልፋ ቅርፊቱ ጣቷ ላይ ሲሻክራት «ይሁን» አለች። ሥጋ ነክቶ በማያውቅ አዲስ ቢላዋ ጠርጌ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ አድርጌ ሠራሁላት። እንደ ኮሶ ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ጠዋት አጠምዳለሁ፣ ባልዲውን አሳያታለሁ፣ አውራ ጣቷን ታሳልፍበታለች፣ «ይሁን» ትላለች፣ ሠርቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፣ ምሳ ሰዓት ተመልሼ አበላታለሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነርሷ ፋሻውን ፈትታ «ሥጋ ጀምሯል» አለችኝ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ልጅ አልወለድኩም፣ ትዳሬም አልያዘልኝ፣ ግን እናቴን በገዛ እጄ እየመገብኩ አድናት ነበር። ጠያቂ ሲመጣ ትራሷን አስተካክላ «ልጄ በእጇ ያወጣችው ነው፤ የሱቅ አይደለም» ስትል ማድቤት ሆኜ እሰማታለሁ። ያንን ለመስማት ስል ብቻ ሥራ አግኝቼ ማድቤት የቆየሁባቸው ቀናት ነበሩ።

በመጻጉዕ ሳምንት፣ የጾሙ እኩሌታ ሊደርስ ሲል፣ ውሃው ቃሪያ የተፈጨበት መሰለ። ንፋስ የለም፣ ሙቀቱ ገና በጠዋት ጀርባ ያቃጥላል። አንድ ቀን ስደርስ ቆሮሶዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ዳር ዳሩን ተደርድረዋል። አዛውንቱ በረጅም እንጨት እየጎተቱ ያወጧቸዋል።

«ምን ነካቸው አባባ?»

«ውሃው ትንፋሽ አጠረው። ሁሉም ሞተ። አምባዛ ብቻ ቀረ፣ እሱ አይሞትም። ወደ ላይ ወጥቶ አየር ጎርሶ ይወርዳል።»

እውነትም መሃል ላይ አንድ ጥቁር አፍ ወጣና ተመልሶ ጠለቀ። ያኔ ነው እንጀራ የጠፋብኝ ያህል የደነገጥኩት።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቆቃ ሄድኩ። ቆሮሶ ሲወጣ አይቼ፣ ሲንፈራገጥ ገዝቼ፣ በእርጥብ ማዳበሪያ ጠቅልዬ በሚኒባስ አመጣሁት። እናቴ አውራ ጣቷን አሳለፈችበት። ከዚያ ቀና ብላ «አንቺ ነሽ ያጠመድሽው?» አለችኝ።

«አይ፣ ገዝቼው ነው። ግን ዓይኔ እያየ ነው የወጣው።»

ዓሣውን በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችው። ያን ቀን እውነቱን ተናግሬ እናቴ ጦሟን አደረች። ይሄ ነገር በሆዴ ቀረ።

ዘጠኝ ቀን በሽሮና በአጥሚት ከረመች። በሰባተኛው ቀን ትኩሳት ጀመራት። በዘጠነኛው ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ ሽታው ከነርሷ በፊት ለእኔ ደረሰኝ። የጀመረው ሥጋ ተመልሶ ከፍቷል። ነርሷ እጇን እየታጠበች በቀስታ «እንዲህ ከቀጠለ እንደገና ይከፈታል። እሱን ደግሞ በዚህ ሰውነት የሚችሉት አይመስለኝም» አለችኝ። እናቴ በዚያን ሰዓት ግድግዳው ላይ ወዳለው ሥዕል ዞራ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ፈራሁ። ብቻዬን መቅረትን ፈራሁ፣ እውነቱ ይሄ ነው። ለሷ ብዬ ነው ብል ግማሹን መዋሸት ይሆንብኛል።

አምባዛ ከዚያ በፊት ሁለቴ ነክሶልኝ ሁለቴም መልሼ ጥዬው ነበር። አዛውንቱ ሲያዩኝ «እናንተ ቅርፊቱን ነው እንዴ የምትበሉት? ሥጋው እኮ ያው ዓሣ ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ያን ቅዳሜ መንጠቆውን ወደ ጭቃው አወረድኩት። ቡሹ በአንድ ጊዜ ሰመጠ። የወጣው ክንዴን የሚያህል ነው፤ መሬት ላይ ጥዬው እንኳ ጺሙን እያወዛወዘ ያንቋርራል። አልጣልኩትም። አዛውንቱን እንዴት እንደሚገፈፍ አሳዩኝ አልኳቸው።

«ለማን ነው?»

«ለራሴ። ልሞክረው ብዬ።»

ደስ አላቸው። ከራሱ ሥር ዙሪያውን ቀደዱት፣ ከዛፉ ላይ ካለ ምስማር ላይ ሰቀሉት፣ በፒንሳ ቆዳውን ይዘው ወደ ታች ሲስቡት እንደ ካልሲ ወጣ። ውስጡ ሥጋ ብቻ ነው። ፒንሳውን «ያዢው፣ ለሌላ ጊዜ ይሆንሻል» ብለው ሰጡኝ። ከዚያ በገበያው በኩል አለፍኩ። ቅርፊቱን የለመንኩት ያኔ ነው። እናቴ ከአልጋዋ ሆና በመስኮት ጓሮውን፣ ቧንቧውን ታየዋለች። ቆሮሶው እንደገና መንከስ ጀመረ አልኳት።

«ዛሬ ባልዲውን አላሳየሽኝም» አለችኝ።

«ሙቀቱ ባሰ እማዬ። ቶሎ ካልጠረግኩት ይበላሻል።»

ክንዴ ላይ የተለጠፈውን ቅርፊት አየችና አንዱን በጥፍሯ አንስታ ጣለችልኝ። በርበሬ አብዝቼ ወጥ አድርጌው ነበር፤ ቀለሙ እንዳይለይ። አንድ ጎረሰች። ዓይኗን አልጨፈነችም። ደግማ ጎረሰች።

«ዛሬስ ጣፈጠኝ» አለች። «እስከ ዛሬ ካመጣሽው ሁሉ ይሄ ይበልጣል። አጥንቱስ የት ሄደ?»

«ለቀምኩልሽ።»

«እሰይ የኔ ልጅ፣ ተባረኪ።»

ማድቤት ገብቼ እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ሽታው ይሁን ምርቃቱ ይሁን ከእጄ አልለቅ ያለኝ አላውቅም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። እኔ ላይ ያየሁት ይሄንኑ ነው። የመጀመሪያው ቀን ፌስታሉን ተቀብዬ ዞር ብዬ ሳላይ ነው የሄድኩት። በሁለተኛው ሳምንት ዓሣ ሻጩ ከሩቅ ሲያየኝ ፌስታሉን አዘጋጅቶ «ድመትሽ ወፈረች?» ይለኛል፣ እኔም «ወፈረች» እያልኩ እስቃለሁ። ድሮም ቢሆን ቅርፊት ብቻ የምትበላ ድመት የለችም፤ ሰውየው ይሄን ያጣዋል ብዬ አላስብም። እናቴ ባልዲውን አሳዪኝ ማለት ትታ፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ልጄ በእጇ ያወጣችው ነው» ማለቷን ቀጠለች። አሁን ግን ድምፅዋ ሲጀምር ቧንቧውን እከፍተዋለሁ።

ቁስሉ ገጠመ። በጾሙ ሰባተኛ ሳምንት ማብቂያ ነርሷ የመጨረሻውን ፋሻ አንስታ «ከእንግዲህ እኔን አያስፈልጋችሁም» አለች። እናቴ በምርኩዝ ከክፍሏ እስከ ጓሮ ወጣች። ለሆሣዕና በባጃጅ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። ከዘንባባው ቀለበት ጠምዝዛ ሁለት ሠራች፤ አንዱን ለራሷ፣ ሌላውን ለእኔ አደረገችልኝ። ስታደርግልኝ ጣቴን ይዛ ቆየች። «ይቺ እጅ ናት ያተረፈችኝ» አለች። በዙሪያችን የነበሩት ሴቶች ሁሉ አዩኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሕማማት ከገባ በኋላ ዓሣ አይታሰብም፣ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ነጭ ቀሚሷ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«ነገ ጸሎተ ሐሙስ ልቆርብ ነው» አለችኝ። «ቅዳሜ ለአባ ሁሉንም ተናግሬ ጨርሻለሁ። ላተረፈኝ አምላክ ሌላ ምን እሰጠዋለሁ? አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ። ነይ እስቲ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። የሚቆርብ ሰው ከቤተሰቡ ይቅርታ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ዓመት በዓል ላይ ስለተነጋገርነው ክፉ ቃል፣ ትዳሬን ስፈታ ስላኮረፈችኝ ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ባልዲውን አምጪ፣ ቅርፊቱን አሳዪኝ እያልኩ እንደ ሌባ ስፈትሽሽ ነበር» አለች። «ልጄን። በጠዋት ተነስታ ውሃ ዳር የምትቆምልኝን ልጄን። ሰው እንዴት የገዛ ልጁን ይጠረጥራል? ይቅር በዪኝ።»

ይቅር ይበለን ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «አምባዛ ነው እማዬ» የሚል ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፦ የሞቱትን ቆሮሶዎች፣ ፒንሳውን፣ ፌስታሉን፣ ክንዴ ላይ የለጠፍኩትን። አላለቀሰችም። ምርኩዟን ከግድግዳው አንስታ ጭኗ ላይ አጋደመችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከደብረ ዘይት ሳምንት ጀምሮ።»

«ቅዳሜ ብትነግሪኝ አባን አገኛቸው ነበር። በሕማማት ኑዛዜ የለም።»

«ሐኪሙ እኮ ነው… ልትሞቺብኝ ነበር እማዬ።»

«በሠርግሽ ዕለት» አለች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ «ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ስንት ድስት ለብቻ ነበር?»

«ሦስት።»

«ማን አረደው?»

«ከነሱ ወገን የመጣ ሰው።»

«ማማሰያውስ? ቢላዋውስ?»

«ለብቻው። አንቺ ነሽ የገዛሽው።»

«አምነው በሉ» አለች። «አንድም ሰው መጥቶ ድስቱን ከፍቶ አላየም።»

ነጩን ቀሚስ አንስታ፣ በጥንቃቄ አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው። ሐሙስ ቤት ዋለች። ዓርብ በዚያ ገና በገጠመ ጭን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እንዳትሰግድ ለምኜ ያስቀረኋት መስሎኝ ነበር፤ በሩን ዘግታ በክፍሏ ስትሰግድ የምርኩዟን ኳኳታ ሰማሁ። ስንት እንደሰገደች መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

ከፋሲካ በኋላ አባ መጡ። «ሳያውቁ የበሉት ነው፣ በእርስዎ ላይ ኃጢአት የለም» አሏት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ለሷ የምለው የለኝም፤ ያንቺ ኃጢአት ግን ዓሣው አይደለም፣ ውሸቱ ነው» አሉኝ። ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ ፈጸምኩት። እናቴ ከወር በኋላ ቆረበች። የወሰዳት ግን የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አልተነገረኝም።

ፒንሳውን ለመመለስ መናፈሻው ሄድኩ። ሙሽሮቹ ተመልሰዋል፣ ዳር ዳሩ በአበባና በካሜራ ተሞልቷል። ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። እሳቸው ይስቁ ይሆናል፣ «ያው ዓሣ ነው» ይሉኝ ይሆናል ብዬ ነበር። ያንን ፈልጌ ነው የሄድኩትም። ፒንሳውን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት።

«ለራሴ ነው ብለሽኝ ነበር» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«ሰው የማይበላውን ማብላት እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። በኔ እጅ ገፍፌ ሰጠሁሽ።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እናትሽ አዳማ ውስጥ በየትኛው ሰፈር ናቸው? ሄጄ፣ እኔ አላውቅም ነበር ልበላቸው።»

አልሄዱም፤ እኔም አላስቸገርኳቸውም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ «ኢንተላ ኮ» ብለውኝ አያውቁም።

እናቴ ዛሬ ደህና ናት። ያለ ምርኩዝ ጓሮ ትወጣለች፣ ጎረቤት ትጠይቃለች፣ ሙቀቱን ትራገማለች። ከእኔም ጋር ትጫወታለች፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ኑሮው፣ ስለ ሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች። አንድም ቀን ያንን ነገር አንስታብኝ አታውቅም። ብቻ ሳህን ሳቀርብላት እጇን ከመዘርጋቷ በፊት ቀና ብላ «ምንድን ነው?» ትለኛለች። ሽሮ ነው እላታለሁ። ምስር ነው እላታለሁ። ቁጣ የለበትም፣ ሰዓት ስንት ሆነ እንደማለት ነው የምትጠይቀኝ። ሃምሳ ዓመት የሠራችውን ሽሮ፣ ሽታው ከጓሮ የሚጠራውን ሽሮ ምንድን ነው ትለኛለች።

ስለዚህ ማንም ሊዋሽበት የማይችለውን ነገር ማምጣት ጀመርኩ። ብርቱካን ሳልልጥ። ሙዝ እንዳለ። ፍስክ ሲሆን ጠዋት ጠዋት አንድ እንቁላል ቀቅዬ ከነሽፋኑ ሳህን ላይ አቀርብላታለሁ። ለእሱ ምንድን ነው አትልም። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሰንጥቃ፣ በጣቷ ልጣ፣ ጨው ነስንሳ ለሁለት ትከፍለዋለች። ግማሹን ለራሷ ታስቀርና ግማሹን ለእኔ ታጎርሰኛለች። አፌን እከፍታለሁ። እሷ ያጎረሰችኝን እኔ ምንድን ነው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።